ባዶ የተተወው ከሰዓት

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ። በግንቦት አሥራ ስምንት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ሆነን ለዘጠኝ ቀን የጥናት ጉዞ ሮም እንሄዳለን። ፕሮግራሙን የማወጣው እኔ ነኝ። መምህራችን እያንዳንዷ ሰዓት እንድትሞላ ይፈልጋሉ፤ «ክፍት ሰዓት ካለ ልጅ ይጠፋል» ይላሉ። ከዚህ በፊት የሄዱትን ስጠይቅ ግን ሁሉም የሚያወሩልኝ ስለጠፉበት ቀን ነው። ምን ላድርግ?
ፕሮግራም አውጪዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አንድ ከሰዓት ባዶ ተዪው፣ ልጄ። ሙሉውን። መምህርሽን ለማሳመን እንዲረዳሽ እኔ ተማሪዎች ይዤ ሮም በሄድኩ ጊዜ የገጠመንን ልንገርሽ።

በሁለተኛው ቀን ተርሚኒ ከሚባለው ትልቁ ባቡር ጣቢያ ሥር ሜትሮ ልንሳፈር ቆመናል። ግፊያው ለጉድ ነው። ባቡሩ መጣ፣ ግማሾቻችን ገባን፣ በሩ ተዘጋ። እኔ ውስጥ፣ ስምንት ልጆች ውጭ። ቀጣዩ ፌርማታ ካቩር ነው። (ፌርማታ የሚለውን ቃል እዚያ ተጽፎ ሲያዩት ልጆቹ «የኛ ቃል!» ብለው ጮኸው ነበር።) ካቩር ወርደን ብንጠብቃቸው ኖሮ በአምስት ደቂቃ እንገናኝ ነበር። እኔ ግን ደነገጥኩና አብረውኝ ያሉትን ይዤ ወደ ተርሚኒ ተመለስኩ፤ እነሱ ደግሞ እኛን ፍለጋ ወደ ካቩር ሄዱ፤ ስናጣቸው እኛ እንደገና ወደ ካቩር፣ እነሱ እንደገና ወደ ተርሚኒ፣ እንዲህ ሁለት ጊዜ ተላለፍን። የአብዛኞቹ ስልክ ገና የጣሊያን ሲም ካርድ አልገባለትም።

በመጨረሻ ከስምንቱ አንዷ «የዛሬው ፕሮግራም ቺርኮ ማሲሞ አይደል? እዚያው እንጠብቃቸው» ብላ ይዛቸው ሄደች። ከጣቢያው ሲወጡ ፊት ለፊታቸው ያለው የፖርታ ካፔና አደባባይ ነው። የአክሱም ሐውልታችን በ1929 ዓ.ም ተወስዶ የተተከለው እዚያ ነበር። እኔ ልጆቹን ላሳይ ያሰብኩት ቺርኮ ማሲሞን፣ የጥንቱን የሰረገላ መወዳደሪያ ሜዳ ነው፤ ሐውልቱ የነበረበትን ቦታ፣ አሁን ምን አለበት ብዬ ከፕሮግራሙ አውጥቼው ነበር። ልጆቹ ቆመው ሲጠብቁ ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጡ ጠየቋቸው። ኢትዮጵያ ሲሏቸው ወደ ቦታው አመለከቱ። ሐውልቱ ሲፈታ በየቀኑ እየመጡ ያዩ እንደነበር ነገሯቸው። ሲያዩት ያደጉት ነገር ስለሆነ እንደሚናፍቃቸው፣ ቤቱ በመግባቱ ግን ደስ እንዳላቸው ጨመሩላቸው።

እኔ ደርሼ ሳገኛቸው ልጆቹ መሬቱን በእርምጃ እየለኩ ይከራከራሉ። 24 ሜትር የሚረዝምና 160 ቶን የሚመዝን ድንጋይ እንዴት ሦስት ቦታ ተፈትቶ፣ በ1997 ዓ.ም በአውሮፕላን አክሱም ደርሶ፣ በ2000 ዓ.ም መልሶ ተተከለ? ክሬኑ የት ይቆማል? በዘጠኝ ቀን ውስጥ እንደዚያ ሲሟገቱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ባሰናዳሁት ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ በአጠገቡ አልፈን እንሄድ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ይህ ነው፦ ባቡር ውስጥ የገባ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርዶ ይቆማል፣ የቀረው ተከትሎ ይመጣል፣ ማንም ወደ ኋላ አይመለስም። ከአዲስ አበባ ሳትነሡ አስጠኚያቸው።

የሰዓት ነገርም አለ። «እሑድ ሦስት ሰዓት እንገናኝ» አልኩ። ግማሾቹ የጣሊያኑን ሰዓት ለምደው ስለነበር ከቀትር በኋላ መሰላቸው፣ እና ጠዋቱን እሑድ እሑድ ብቻ የሚቆመው የፖርታ ፖርቴዜ አሮጌ ዕቃ ገበያ ሄዱ። አንዱ የፋሲል ግንብ ፎቶ ያለበት የድሮ ፖስታ ካርድ ገዝቶ መጣ። ተቆጣሁት። ማታ ግን ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ያኔ ፈርሶ የሚታየውንና በኋላ የታደሰውን እየለየ ለሁላችን አስረዳን። አንቺ ሰዓት ስትጽፊ «ጠዋት 3፣ በነሱ 9» ብለሽ ጻፊ።

የትራንስፖርት አድማ ከገጠማችሁም አትደንግጡ፤ ቀድሞ ይታወጃል፣ ጠዋትና ማታ ሠራተኛ በሚመላለስበት ሰዓትም አገልግሎት ይኖራል። እኛ እኩለ ቀን ላይ ስለደረሰብን ትራስቴቬሬ ከሚባለው ሰፈር እስከ ተርሚኒ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግራችን ተጓዝን። በየመንገዱ ውኃቸው የማይቋረጥ ትናንሽ የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ አፉን በጣትሽ ስትደፍኚው ውኃው በላይኛው ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል፣ ጎንበስ ሳትዪ ትጠጫለሽ። ተርሚኒ ፊት ያለው አደባባይ ላይ ደክሞን ስንቀመጥ አንዷ ልጅ ስሙን አነበበች። «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይላል። እነዚያ አምስት መቶዎች በ1879 ዓ.ም ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ስንት ቀን ስንመላለስበት ማናችንም ልብ አላልነውም።

ለመምህርሽ ባዶው ከሰዓት የራሱ ሕግ እንዳለው ንገሪያቸው። ከሦስት ሰው በታች ሆኖ መሄድ የለም፣ መገናኛው ቦታና ሰዓቱ አንድ ነው፣ ማታ እያንዳንዱ ያገኘውን አንድ ነገር በእጁ ስሎ ያመጣል። እሺ ካላሉሽ ሁለት ሰዓት ብቻ ባዶ በመተው ጀምሪ።

ጥያቄ፦ ልጄ ለጥናት ከጓደኞቹ ጋር ውጭ አገር ሄዶ ግማሽ ቀን ስልኩ አልሠራ አለኝ። ያን ቀን ያሳለፍኩትን አምላክ ያውቃል። አሁን ታናሹ ሊሄድ ነው። ልከልክለው?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ ግን አይከልክሉት። ያረፈበትን ቤት አድራሻና የመምህሩን ስልክ በወረቀት ጽፎ ኪሱ ይያዝ፣ ስልክ ባትሪው ያልቃልና። የፓስፖርቱን ኮፒ ከፓስፖርቱ ለይቶ ያስቀምጥ። አውሮፓ ከሆነ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ በየአገሩ 112 ነው። ቀን ቀን አይደውሉለት፤ ማታ የሚደውልበትን ሰዓት ቁረጡና እሱ ይደውል። ጣሊያን በበጋቸው ከእኛ አንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ ቢያመሽብዎ አይደንግጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔም ሮም ከሚሄዱት ተማሪዎች አንዱ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ምን እበላለሁ?

መልስ፦ ፒዛ ማሪናራ እዘዝ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለበትም። ፓስታ ከሆነ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚሠራውን «አሊዮ ኤ ኦሊዮ» በላቸው፤ ግን ደረቁን ፓስታ ምረጥ፣ እርጥቡ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለው። «ሴንሳ ፎርማጆ» ማለት ያለ አይብ ማለት ነው። ዝም ካልክ አይብ ከላይ ይነሰንሱበታልና ቀድመህ ተናገር።