ምንጭ ፍለጋውን ለሌላ ሰው አትስጪ

ከደብረ ማርቆስ ለጻፍሽልኝ የመጨረሻ ዓመት የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ፤

የመመረቂያ ጥናትሽ በምሥራቅ ጎጃም በማቻከል ወረዳ አሲዳማ አፈር ላይ ኖራ ለስንዴ ምን ያህል እንደሚጠቅም ነው። አድቫይዘርሽ «ሃያ ሳይንሳዊ ምንጭ አምጪ» ብለውሻል፤ የከፈትሻቸው ገጾች ዶላር ይጠይቃሉ። አጎትሽ ደግሞ «ሊትሬቸር ሪቪውን (የቀደሙ ጥናቶችን ዳሰሳ) ጽፎ የሚሰጥ ሰው አለ፤ እኔ እከፍላለሁ፣ አንቺ ቶሎ ተመርቀሽ ሥራ ያዢ» ብለዋል። የመውጫ ፈተናውና ማስተርሱም አሳስበውሻል።

አጎትሽ ለአንቺ አስበው እንጂ ለክፋት አላሉትም፤ ምክራቸው ግን ይጎዳሻል። ዲግሪውን ስንቱ ይዞታል። በግብርና ምርምር በኩል ሥራ ለሚፈልግ ሰው (እኔ የማውቀው ያንን በር ነውና ሚዛኔ ወደዚያ ያደላ ይሆናል) መለያው የተሠራውን ጥናት ፈልጎ ማግኘትና የትኛው ለዚህ አፈር እንደሚሆን መለየት ነው። ይህን የምትለማመጂበትን ዕድል ገንዘብ ከፍለሽ ለሌላ ልትሰጪ ነው? ደግሞም ጥናትሽን በፈታኞች ፊት በምታቀርቢበት በዲፌንሱ ቀን ፈታኙ «ይህ ጥናት ፒኤቹን (የአፈሩን የአሲድነት ልክ) በምን ለካው?» ሲሉሽ አጎትሽ አጠገብሽ አይቆሙም።

ለጽሑፍ ዶላር አትክፈይ። ኢትዮጵያ ሪሰርች ፎር ላይፍ ከሚባለው መርሐ ግብር በነጻ ከሚጠቀሙ አገሮች አንዷ ናት። የግብርናው ክፍል አጎራ ይባላል፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) መሪነት ይሠራል። የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋም ስለሆነ የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ በአካል ሄደሽ ጠይቂ። ከዚያ ውጭ ጉግል ስኮላር ላይ ከርዕሱ ሥር ያለውን «ሁሉም ቅጂዎች» የሚለውን ክፈቺ፤ አሳታሚው የሚያስከፍልበት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በጸሐፊው ዩኒቨርሲቲ ገጽ በነጻ ተቀምጦ ይገኛል። የአገራችንን ጆርናሎች አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ፈልጊ። ሁሉም እምቢ ካለ ለጸሐፊው በሦስት መስመር ኢሜይል ጻፊ፤ የራሱን ሥራ የሚያነብለት ያገኘ ተመራማሪ እምብዛም አይከለክልም።

ስትፈልጊ የቦታ ስም በላቲን ፊደል ወጥ አለመሆኑን አስቢ። ጎጃምን አንዱ በአንድ ጄ፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል፤ ሁለቱንም ሞክሪ። የኢትዮጵያውያን ስምም አንዳንዱ ጆርናል የአባትን ያስቀድማል፣ አንዳንዱ የራስን፤ ሳታስተውዪ አንዱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ልትቆጥሪው ትችያለሽ። ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈበትን ቴሲስ ወይም ሪፖርት ካገኘሽ ደግሞ የሰባት ወይም የስምንት ዓመቱን ልዩነት አስተካክዪ።

ማግኘቱ ግን ቀላሉ ነው። ጽሑፉ እጅሽ ሲገባ ከአብስትራክቱ ቀጥለሽ ወደ መደምደሚያው አትሩጪ፤ ሜቶዶሎጂውን፣ ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ የሚናገረውን ክፍል፣ አንብቢ። መጀመሪያ ፒኤቹ የተለካው አፈሩ በውኃ ተበጥብጦ ነው ወይስ በፖታሲየም ክሎራይድ? በክሎራይዱ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ነጥብ ስለሚወርድ በአንዱ 4.6፣ በሌላው 5.3 የተባለው አንድ ዓይነት አፈር ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያዩ ሁለት ጥናት ማወዳደር ከንቱ ነው። ፒኤቹ በውኃ ተለክቶ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥር መጉዳት ይጀምራል፤ ኖራ የሚያስፈልገው በዋናነት ለዚህ ነው። ስለዚህ እንደ ማቻከል አሲዳማ ያልሆነውን የቢቸናን ጥቁር መረሬ አፈር የሚያጠና ጽሑፍ ጎጃም ውስጥ ስለተሠራ ብቻ ለማቻከል ቀይ አፈር ማስረጃ አይሆንሽም።

ቀጥሎ ሙከራው ስንት ክረምት ቆየ? ኖራ፣ በተለይ በደንብ ካልደቀቀ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ በአንድ ክረምት «ለውጥ የለም» ያለ ጥናት ቸኩሎ ሊሆን ይችላል። ኖራው በሄክታር ስንት ቶን ነበር፣ መጠኑስ በምን ተሰላ? ከኖራው ጋር ፎስፈረስም ጨምረው ኖራ ለብቻው የተሞከረበት መደብ ከሌላቸው ምርቱን የጨመረው የትኛው እንደሆነ ሊነግሩሽ አይችሉም። ምርቱንም አንዱ በቶን፣ ሌላው በኩንታል ስለሚጽፍ (አንድ ቶን አሥር ኩንታል ነው) ወደ አንድ መለኪያ አምጪው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። አምስት ጽሑፎች አንድ ቁጥር ከጠቀሱ የዋቢ ዝርዝራቸውን ተከትለሽ ወደ ኋላ ሂጂ። አምስቱም ወደ አንድ ሙከራ ከወሰዱሽ በእጅሽ ያለው አምስት ማስረጃ ሳይሆን አንድ ነው፤ መጥቀስ ያለብሽም ያንኑ የመጀመሪያውን ነው። አድቫይዘርሽ ሃያ ቢሉም፣ እንዲህ የተመረመሩ አሥራ ሁለት ይዘሽ ብትቀርቢና ቀሪዎቹን ለምን እንደጣልሻቸው ብታስረጂ እኔ አንቺን እመርጣለሁ።

«ከፍለሽ በሳምንት እናትምልሽ» የሚል ጆርናል ካጋጠመሽ እለፊው። ትንሽ የአገር ውስጥ ጆርናልን ግን በትንሽነቱ አትናቂ፤ በዚሁ አፈር ላይ በጥንቃቄ የተሠራ የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ሙከራ ከብራዚል ከመጣ ታዋቂ ጽሑፍ ይበልጥሻል። ቻትጂፒቲ የሚሰጥሽን ዋቢ እያንዳንዱን በዲኦአይ ቁጥሩ (ለታተመ ጽሑፍ በሚሰጠው መለያ) ፈትሺ፤ ጨርሶ የሌለ ጽሑፍ አሳምሮ ሊፈጥር ይችላል።

ለመውጫ ፈተናው ብሉፕሪንቱን (የፈተናውን ይዘት ዝርዝር) ይዘሽ ያለፉትን ኮርሶች ከልሺ፤ ከጥናትሽ ጋር አይጋጭም። ማስተርሱን አሁን አትቸኩዪበት። መጀመሪያ የምርምር ማዕከላትን የረዳት ተመራማሪ ማስታወቂያ ተከታተዪ፤ ስታመለክቺም የመረመርሻቸውን ጥናቶች በአንድ ሠንጠረዥ አድርገሽ፣ አፈሩን፣ የኖራውን መጠንና የክረምቱን ብዛት ለይተሽ፣ ከማመልከቻሽ ጋር አያይዢው።