መልሕቁን ማን ጣለው?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያወሱት አንድ ጨዋታ ነው፤ ሬር የተባለው የእንግሊዝ ስቱዲዮ ሠርቶት ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2018 ለገበያ ያቀረበውን «ሲ ኦፍ ቲቭስ»ን። ለማያውቁት አንባቢዎች ባጭሩ ለመግለጽ፣ ተጫዋቾች በኦንላይን ተገናኝተው በአንድ መርከብ ላይ እንደ ባሕር ወንበዴ ይሳፈራሉ፤ ከየደሴቱ ሀብት ቆፍረው ያወጣሉ፤ ያወጡትን ወደ መሸጫው ደሴት እስኪያደርሱ ድረስ ግን በሌሎች ሰዎች የሚነዱ መርከቦች ሊቀሟቸው ይችላሉ። ስለ መድፍ አተኳኮስ የጠየቃችሁንን ለሌላ ጊዜ አቆይተን፣ ዛሬ ስለ ጠባይና ስለ አብሮ መሥራት የመጡትን ጥያቄዎች እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ጨዋታውን ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ጋር በትልቁ መርከብ ላይ ተመደብኩ። ማንም ሰላም አላለኝም። ወደ አንዲት ደሴት ስንጠጋ ልርዳ ብዬ መልሕቁን ጣልኩት፤ ወዲያው ሌላ መርከብ መጣብንና መንቀሳቀስ ሳንችል ሰመጥን። አዲስ መርከብ ተሰጥቶን ስንመለስ ሦስቱ ድምፅ ሰጥተው እስር ክፍል ውስጥ ቆለፉብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ መልሕቁን መጣልዎ ስሕተት ነበር፤ ጥፋት ግን አልነበረም። መልሕቅ በአንድ ሰው እጅ በቅጽበት ይወርዳል፤ ለማንሣት ግን ማሽከርከሪያውን እየገፉ መዞር ያስፈልጋል፤ ጋሊየን በሚባለው በትልቁ መርከብ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ሲገፋው እጅግ ያዘግማል፤ የሚፈጥነው ሌሎች ሲያግዙት ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ወደ ደሴት ሲጠጉ መልሕቅ ከመጣል ይልቅ ሸራውን አስቀድመው ይጠቀልሉና መርከቧ ተንሸራታ እንድትቆም ያደርጋሉ፤ ጠላት ቢመጣ ሸራውን ዘርግቶ ለመሄድ ብዙ ጊዜ አይፈጅምና። ይህን ግን ሰው ካልነገረው በቀር ማንም ጀማሪ አያውቀውም። ከሦስቱ አንዱ «መልሕቅ አንጥልም፤ በሸራ ነው የምናቆማት» ብሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፉልን ነበር።

ነገሩን ትንሽ ላስፋው፤ ምክንያቱም የዚህ ጨዋታ ጨዋነት ዋናው ክፍል ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የጋሊየን አሠራር አንድ ሰው ሁሉን ነገር እንዳያይ ተደርጎ የታሰበ ነው። መሪውን የያዘው ሰው ሸራው ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ፊት ለፊቱን ይጋርደዋል፤ ካርታው ደግሞ ከእርሱ እግር በታች ባለው ወለል ላይ ስለሚገኝ፣ መሪውን ሳይለቅ ሊያየው አይችልም። ካርታውን የሚያየው ሰው ባሕሩን አያይም፤ ሸራ የሚጎትተው ሰው ደግሞ ሁለቱንም አያይም። እንዲህ ባለች መርከብ ላይ ትሕትና ማለት «እባክዎ» እና «አመሰግናለሁ» ማለት ብቻ ሳይሆን፣ ያዩትን ነገር በጊዜው ላላየው ሰው መናገር ነው።

አነጋገሩም ለውጥ ያመጣል። «ኧረ መርከብ መጣ!» ብሎ መጮኽ ሁሉንም ያስደነግጣል እንጂ ለማንም አይጠቅምም። «በስተቀኝ፣ ከደሴቷ ጀርባ፣ ባለ ሦስት ምሰሶ፣ ወደ እኛ እየዞረች ነው» የሚለው ግን ብዙ ነገር ይናገራል፤ ምሰሶው ራሱ የሰዉን ቁጥር ይጠቁማልና። አንድ ምሰሶ ያላት ስሉፕ እስከ ሁለት፣ ሁለት ምሰሶ ያላት ብሪጋንቲን እስከ ሦስት፣ ሦስት ምሰሶ ያላት ጋሊየን እስከ አራት ሰው ትይዛለች። ውጊያ ከተነሣም ታች የወረደው ሰው «ሦስት ቀዳዳ፣ ውኃው ጉልበት ደርሷል» ብሎ ቢናገር፣ ላይ ያሉት አንድ ሰው ይጨመር ወይስ መተኮሳቸውን ይቀጥሉ የሚለውን መወሰን ይችላሉ። አብዛኞቹ መርከቦች የሚሰምጡት ተኳሽ ጠፍቶ ሳይሆን ሁሉም ወደ መድፉ ሮጦ ጣውላና ባልዲ የሚይዝ ሰው ስለሚጠፋ ነው። መድፍ ተኳሹ ይመሰገናል፤ ውኃ ሲቀዳ ያመሸውን ሰው ግን ማንም አያስታውሰውም። እባካችሁ፣ አስታውሱት።

ወደ እስሩ እንመለስና፣ ያ ክፍል የተሠራው ሆን ብለው ለሚያበላሹ ሰዎች ነው፤ ለምሳሌ ሀብቱን ወደ ባሕር ለሚወረውሩ፣ ወይም በገዛ መርከባቸው ላይ የባሩድ በርሜል ለሚያፈነዱ። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ራሱ በጀማሪነቱ ዘመን፣ የባሩድ በርሜል ዋጋ ያለው ዕቃ ነውና በጥንቃቄ ይቀመጥ ብሎ ታችኛው ወለል ላይ ደርድሮ፣ በአንዲት የጠላት ጥይት መርከቧን ከነሀብቷ አስበልቷል። ጓደኞቹ ከሳቁ በኋላ በርሜል ከምሰሶው ጫፍ ላይ እንደሚቀመጥ ነገሩት እንጂ አላሰሩትም። በሚቀጥለው ጊዜ ገና ሲሳፈሩ «አዲስ ነኝ፤ ምን ልሥራ?» ይበሉ። መልስ የማይሰጥዎት ቡድን ከሆነ ሳይታሰሩ በፊት ሌላ መርከብ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር በስሉፕ እንጫወታለን። ቆፍሬ የማወጣው እኔ ነኝ፤ ወደብ ስንደርስ ግን ሣጥኑን ተሸክሞ ሮጦ የሚሸጠው እሱ ነው። ድርሻዬን እየበላኝ ነው?

መልስ፦ አልበላዎትም። አንድ ሣጥን ሲሸጥ፣ ሻጩ ማንም ይሁን ማን፣ ለእያንዳንዱ የመርከቧ ሰው እኩል ገንዘብ ይገባለታል፤ ለመካፈል ተብሎ የሚቀነስ ነገርም የለም። ጓደኛዎ የሚወስድብዎት የማስረከብን ደስታ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በተራ ቢሆን መልካም ነውና «የዛሬው የእኔ ነው» ይበሉት።

ጥያቄ፦ የምጫወተው ሌሊት፣ ቤተሰቤ ከተኛ በኋላ ስለሆነ በማይክሮፎን መናገር አልችልም። ዝም ስላልኩ ግን የናቅኳቸው ይመስላቸዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጨዋታው ለእንዲህ ያለው ሰው አስቦበታል። የተዘጋጁ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያሉበት ዝርዝር አለው፤ ከዚያ መርጠው «መልሕቁን አንሡ» ወይም «መርከብ ይታየኛል» ማለት ይችላሉ። ጽፎ መላክም ይቻላል፤ ከዚያም አልፎ የጻፉትን በድምፅ የሚያነብ፣ ሌሎች የተናገሩትንም ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ አገልግሎት አለው፤ ይህም መስማት ለተሳናቸው ተጫዋቾች ትልቅ ነገር ነው። እንደ ተሳፈሩ «እሰማለሁ፣ መናገር ግን አልችልም» ብለው አንድ ጊዜ ቢጽፉ ጥርጣሬው ይቀራል።

ይልቅስ ዝም ካለው ሰው የበለጠ የሚያስቸግረው፣ ማይክሮፎኑን ከፍቶ ሙዚቃ የሚያስጮኸውና እያላመጠ የሚያወራው ሰው ነው። ጠላት ዋኝቶ መጥቶ የመርከቧን መሰላል ሲይዝ ድምፅ ይሰማል፤ በዚያ ጫጫታ መካከል ግን ማን ይሰማዋል?

ጥያቄ፦ ከሌላ መርከብ ጋር ኅብረት ፈጥረን ባንዲራ ሰቅለን ለሁለት ሰዓት ያህል አብረን ሠራን። ወደ መሸጫው ደሴት ስንደርስ መድፋቸውን አዙረው አሰመጡን፤ ሀብታችንንም ወሰዱ። ስንወቅሳቸው «ወንበዴዎች ነን፤ ምን ጠብቃችሁ ነበር?» አሉን። እውነት አላቸው?

መልስ፦ ጨዋታው አይከለክላቸውም፤ ኅብረት መፍጠር መድፍን አይቆልፍም። ሬር ለተጫዋቾቹ ባወጣው የወንበዴዎች ደንብም ውስጥ ጠብ በባሕሩ ላይ እንደሚፈታ ተጽፏል። ስለዚህ «ሕግ ጣሱ» ብለው የሚከሷቸው ከሆነ ይረታሉ። እኔ ግን ሒሳቡን እንዲያስሉት እፈልጋለሁ። በኅብረት ውስጥ አንዱ መርከብ ሀብቱን ሲሸጥ እሱ ሙሉውን ዋጋ ያገኛል፤ የተባበሩት መርከቦች ደግሞ ከሻጩ ምንም ሳይቀነስ የዋጋውን 50 በመቶ ያገኛሉ። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች እናንተ በሰላም ብትሸጡ ኖሮ ከእናንተ ሀብት ግማሹን ያገኙ ነበር። የከዱት ለቀረው ግማሽ ነው። በዚህ ጨዋታ ወርቅ የሚገዛው ደግሞ በአብዛኛው ልብስና ጌጥ ነው፤ ጀማሪውም ሆነ የዓመታት ልምድ ያለው ተጫዋች የሚታኮሱት በእኩል ኃይል መሣሪያ ነው። ለአንድ ባለ ላባ ባርኔጣ የሁለት ሰዓት ወዳጅነት ሸጠዋል ማለት ነው።

እኔ የማደርገው ልዩነት ይህ ነው፤ ቃል ሳይገባ የዘረፈዎት ሰው የጨዋታውን ሥራ ሠርቷል፤ ቅሬታም የለኝም። ቃል ገብቶ የዘረፈዎት ሰው ግን ቃሉን አጥፏል፤ ይህም የወንበዴ ልብስ ስለ ለበሰ የሚለወጥ ነገር አይደለም። በዚህ የማይስማሙ ብዙ ጥሩ ተጫዋቾች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ክሕደቱ ራሱ የጨዋታው ቅመም ነው ይላሉ። ያም ሆኖ የጨዋታው አዘጋጆች እንግዶች እንዲተባበሩ መፈለጋቸው ከጅምሩ የታየ ነው፤ በሜይ 2018 የወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ጭማሪ ግዙፉን ሻርክ ለመጥራት ከአንድ በላይ መርከብ እንዲተባበር የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከሩቅ ለመነጋገር የሚያገለግል የድምፅ ማጉያ ጥሩምባም አብሮ አምጥቷል። ከመተኮስዎ በፊት ይሞክሩት።

ለወደፊቱ፣ ሀብትዎን እስከ መጨረሻው አያከማቹ፤ በመንገድ ላይ ወደብ ባገኙ ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ ይሽጡ። ከተባባሪው መርከብ ጎን ተጣብቀው አይቁሙ። አራት የነበሩት ሰዎች ድንገት ሦስት ብቻ ከታዩ፣ አራተኛው የት እንዳለ የገዛ መርከብዎን ጓዳ ፈትሹ።

ካሸነፉ በኋላ ያለውም ጠባይ ይታሰብበት። የሞተ ተጫዋች በመናፍስቱ መርከብ ላይ ጥቂት ቆይቶ ወደ መርከቡ ይመለሳል፤ መርከቡ ከሰመጠች ግን ሌላ መርከብ ርቆ ይሰጠዋል። አንዳንዶች የተሸነፈችውን መርከብ ሆን ብለው እንዳትሰምጥ እየጠገኑ፣ የሚመለሰውን ሰው እንደተመለሰ ደጋግመው ይገድሉታል። ሀብቱን ከወሰዱ መርከቧን ያስምጧት፤ ሰውየው ይሂድበት። እንዲህ ያለ ነገር በእርስዎ ላይ ከደረሰ ደግሞ መርከብን በፈቃድ ማስመጥ የሚያስችል ምርጫ አለና ከመሰዳደብ ይልቅ እሱን ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ የራሴን መርከብ በወርቄ ገዝቼ ስም አውጥቼላታለሁ። የምጋብዛቸው ሰዎች ግን አይታዘዙኝም። ካፒቴኑ እኔ አይደለሁም?

መልስ፦ ካፒቴን የመሆን ዕድል በ2022 ከመጣ ወዲህ መርከቧን የመሰየምና የማስጌጥ መብት የእርስዎ ነው፤ ሰዎቹ ግን ከመርከቧ ጋር አልተገዙም። እውነተኞቹ ወንበዴዎች እንኳ ይህን ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1722 የሞተው የወንበዴ ካፒቴን ባርቶሎሜው ሮበርትስ ይመራቸው የነበሩት የመርከብ ሰዎች በፈረሙት ውል መሠረት እያንዳንዱ ሰው በጋራ ጉዳይ ላይ ድምፅ ነበረው፤ ካፒቴኑ ከምርኮው የሚያገኘው የሁለት ሰው ድርሻ ሲሆን፣ በመርከብ ላይ መደባደብም ክልክል ስለነበር ጠበኞች ጉዳያቸውን በየብስ ላይ ይጨርሱ ነበር። እርስዎ ደግሞ አንድ ድርሻ ብቻ ነው ያለዎት። ጉዞ ከመጀመሩ በፊት «ዛሬ ሀብት እንፈልግ ወይስ እንዋጋ? እስከ ስንት ሰዓት?» ብለው ይጠይቁ። በውጊያ መካከል ግን አንድ ሰው ብቻ ቢያዝ ይሻላል፤ ያ ሰው እርስዎ መሆንዎን ቀድመው ቢስማሙበት ማንም አይከራከርዎትም።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ይህን ጨዋታ ይወዳል፤ ነገር ግን ሲሸነፍም ሲያሸንፍም ከሌሎች መርከቦች ስድብ ይሰማል። ላስቆመው?

መልስ፦ ጨዋታው በአውሮፓ የዕድሜ ምደባ ለ12 ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈቀደ ነው፤ ምደባው ግን የጨዋታውን ይዘት እንጂ የማያውቁትን ሰው አፍ አይመዝንም። ተሳዳቢውን ድምፁን ማጥፋትና ለአዘጋጆቹ ማመልከት እንደሚቻል ያሳዩት፤ መልሶ እንዳይሳደብም ይምከሩት፤ ማመልከቻው በእሱም ላይ ሊቀርብ ይችላልና። በዲሴምበር 2023 የተጨመረው «ሴፈር ሲስ» የተባለው አማራጭ ደግሞ ሌሎች ቡድኖች በሌሉበት ባሕር ላይ ከሚያውቋቸው ሰዎች ጋር ብቻ ያጫውታል። ሲጀመር የሚያስገኘው ወርቅ ከተለመደው 30 በመቶ ብቻ ነበር፤ ሸራና መልሕቅ ለመማር ግን ወርቅ አያስፈልግም። ጊዜ ካለዎትም በስሉፑ ላይ ሁለተኛው ሰው እርስዎ ይሁኑ፤ ባልዲውን ይያዙለት።