አባቴ የነፋው አቧራ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

አባቴ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የከባድ መኪና ጋራዥ ከ1974 እስከ 2007 ዓ.ም. መካኒክ ነበር። ሥራው በአብዛኛው ፍሬን ነው፤ ያለቀውን የፍሬን ሸራ ይነቅላል፣ አዲሱን ቆርጦና በስቶ ይመታል፣ ታምቡሩ ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራ በኮምፕረሰር ይነፋል። ማታ ሳቢያን ቤታችን ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር አመድ የተነፋበት ይመስል ነበር። እናቴ ቱታውን ግቢ ውስጥ አራግፋ ታጥበዋለች፤ ውኃ የምቀዳላት እኔ ነበርኩ።

አሁን ልብሱን ለመልበስ እንኳን ሁለት ጊዜ ያርፋል። አክታው ላይ ምንም ሳይገኝ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ የስድስት ወር መድኃኒት ጨረሰ፤ ለውጥ የለም። ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ሐኪም ራጁን አየችና «አባባ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» አለችው። በሦስት ዓመት ምልልስ ይህን የጠየቀ ሌላ ሰው የለም። አስቤስቶስ ሳይሆን አይቀርም ብላ ሲቲ ስካን አዘዘችለት። የጋራዡ ባለቤት ግን «ከወጣ ዐሥር ዓመት ሆኖታል፤ ደግሞም አጫሽ ነው» ብሎ መለሰን። ካሳ መጠየቅ እንችላለን? ለእናቴስ ያሰጋታል?

የሳቢያኗ ልጅ

እህቴ፣

ያቺን ሐኪም እግዜር ይስጣት። የምትጠይቂኝ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከእርሷ ጥያቄ ነው።

አስቤስቶስ ከድንጋይ የሚወጣ ቃጫ ነው። እሳት ስለማይበላው ለብዙ ዓመታት የፍሬን ሸራ ሲሠራበት ኖሯል። ሸራው ሲበሳና አቧራው ሲነፋ ዓይን የማያየው ቃጫ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሰውነት አያሟሟውም። ዙሪያውን የሚፈጠረው ጠባሳ ሳንባውን ያደድረዋል፤ አስቤስቶሲስ የሚባለው ይህ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ10 እስከ 40 ዓመት ዘግይቶ ነው። ሜሶቴሊዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ደግሞ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ዐሥር ዓመት ሆኖታል» ማለት ለዚህ በሽታ መከራከሪያ አይሆንም።

ስለ ሲጋራው ግን ሰውየው ግማሽ እውነት ይዟል። አስቤስቶሲስን ሲጋራ አያመጣውም፤ አስቤስቶስ የተነፈሰ ሰው ሲያጨስ ግን የሳንባ ካንሰር አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ስለ በርጫ ከድሬ ሰው ጋር አልከራከርም፤ ሲጋራው ግን ዛሬውኑ ይቁም። ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒት ስለሌለ የቀረውን ሳንባ መጠበቅ ነው።

ወደ ካሳው ልምጣ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ ኃላፊ ነው፤ ከእርሱ በፊት የነበረው 377/1996ም እንዲሁ ይል ነበር። በአንድ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎችን ብቻ አዘውትሮ የሚይዝ በሽታ በሐኪም ከተረጋገጠ፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ከሥራው እንደመጣ ይቆጠራል። የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። «ሳንባው ላይ ጠባሳ አለ» የሚል ወረቀት ብቻ ይዛችሁ እንዳትወጡ፤ ሐኪሟ ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት ትጻፍላችሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃና የደመወዝ ወረቀት ፈልጉ። አብረዋቸው ፍሬን የመቱ ሰዎች በሕይወት ካሉ አሁኑኑ አነጋግሯቸው። ከ33 ዓመት ውስጥ ጋራዡ በር ላይ የተነሱት አንድ ፎቶ አይጠፋም፤ እርሱም ይጠቅማል።

የምሰጋው ለይርጋው፣ ማለትም ለክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ ነው። ሌላ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ጥያቄ በአንድ ዓመት ይታገዳል፤ የሚቆጠረው መብቱን መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ማግስት ጀምሮ ነው። ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ይሆናል፤ አባትሽ ሥራ ከለቀቁበት ቀን ነው ወይስ በሽታው ከታወቀበት? ስለዚህ የሲቲ ስካኑ ውጤት የተሰጠበትን ቀን የያዘውን ወረቀት እንደ ዓይንሽ ጠብቂው፤ ጠበቃ ለማማከርም ወራት አትጠብቂ። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌላችሁ ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጡ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲን ጠይቂ። ባለ ጋራዡ በሽማግሌ ትንሽ ገንዘብ ልኮ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ቢያስቀርብ አባትሽ እንዳይፈርሙ።

እናትሽን አታስደንግጫቸው። በቱታ ቤት የገባ አቧራ ሚስትንና ልጅን ያሳመመበት ጊዜ አለ፤ አደጋው ግን ሸራውን ከሚበሳው ሰው ያነሰ ነው። የማይለቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከተሰማቸው ስለ ቱታው ለሐኪሙ ይንገሩት። አንቺም ውኃ ትቀጂ ነበርና፣ ንገሪው።