መልስ፦ ቼክ ኢንጅን በርቶ «ካታሊቲክ ይቀየር» ከተባልክ

ወንድሜ፣ «ቨርጂኒያ ነኝ፣ የካምሪዬ ቼክ ኢንጅን በርቷል፣ የብልሽት ኮዱ ፒ0420 ነው፣ መካኒኩ ካታሊቲክ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ) ይቀየር አለኝ» ብለሃል። ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ትንሽ ታገስ።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል ወይስ ዝም ብሎ በርቷል? ብልጭ ድርግም እያለ ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ ቤንዚን ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ካንዴላ ወይም ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ነው። ያኔ ጥግ ይዘህ አቁም፣ ጤነኛውንም ካታሊቲክ ያበላሸዋል። ዝም ብሎ ከበራ ግን፣ የዘይት ወይም የሙቀት መብራት ካልተከተለው፣ ቀስ ብለህ ቤትህ ትገባለህ።

ፒ0420 «የካታሊቲኩ የማጣራት አቅም ወርዷል» ነው የሚለው፤ «ቀይረው» አላለም። የኋለኛው ኦክስጅን ሴንሰር (ከካታሊቲኩ በኋላ ያለው) ሲደክም ወይም የጭስ ቧንቧው ሲያፈስም ያው ኮድ ይመጣል። (እኔን ካታሊቲክ ብለውኝ የተበላ የቧንቧ መጋጠሚያ ማሸጊያ (ጋስኬት) ሆኖ ተገኝቷል።) ሞተሩ ሞቆ የኋለኛው ሴንሰር ቮልቴጅ በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው መሣሪያ) ይታይ። ረጋ ማለት አለበት፤ ቶሎ ቶሎ ከተወዛወዘና የሚያፈስ ነገር ከሌለ ካታሊቲኩ በእርግጥም ደክሟል።

ከደከመም መጀመሪያ ማይሉን እይ። መኪናዋ 8 ዓመትም 80,000 ማይልም ካልደፈነች ካታሊቲኩ በፌዴራል የኢሚሽን (የጭስ ልቀት) ዋስትና ይሸፈናል፤ የቶዮታ ሻጭ (ዲለር) ጋ ሂድ።

«ኮዱን አጥፍተህ የኢሚሽን ምርመራውን እለፍ» የሚልህን አትስማ። ካጠፋኸው በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ እስኪጨርስ መንዳት ስላለብህ ጣቢያው ይመልስሃል። ባትሪ መንቀልም ያው ነው።