የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሲረጩ ለጎረቤት ነግረዋል?

ከምሥራቅ ጎጃም የጻፉልን አባወራ በመስከረም መጨረሻ፣ ረፋድ ላይ፣ ቀፎዎቻቸው ሥር የሞተ ንብ ተከምሮ አገኙ። ጎረቤታቸው በዋዜማው ያበበ ባቄላ ረጭተው ነበር። ሲጠየቁ «የረጨሁት የአረም መድኃኒት ነው፤ ንብ አይነካም» አሉ። እውነት ይሆን?

አይመስለኝም። ባቄላው ላይ ቱ ፎር ዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ረጭተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚያለቅሱት ጎረቤትዎ ነበሩ፤ ሰፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ያደርቃልና። የሞቱትን ንቦች ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ምላሳቸው ወጥቶ፣ እግራቸው ላይ የአበባ ብናኝ እንደያዙ ከሞቱ ሲቀስሙ ተመርዘዋል ማለት ነው። በሽታ በአንድ ረፋድ ይህን ያህል አይፈጅም። ክሽክሽ ለሚባለው የሰብል ተባይ የሚረጩት ማላታይን፣ ዳይሜቶኤትና ክሎርፓይሪፎስ ግን የንብን ነርቭ ያውካሉ፤ ንቧ ትንቀጠቀጣለች፣ መሬት ላይ ትድሃለች፣ ትሞታለች። ቀሳሚዎቹ ሲያልቁ ቀፎ ውስጥ የቀረው እጭም የሚመግበው ያጣል።

ቱ ፎር ዲም ቢሆን ነፃ አይውጣ። ንቧን በቀጥታ ባይገድል እንኳ በጤፍና በስንዴ ማሳ ያለውን ሜጭና አደይ አበባ ጠርጎ ያስርባታል።

መፍትሔው ያበበ ሰብል አለመርጨት ነው። ግድ ከሆነ ንብ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ፣ ሲመሽ ይረጫል፤ ለጎረቤትም በዋዜማው ይነገራል። ይህ ሳንቲም አያስወጣም፤ ለምን እንደሚከብደን አይገባኝም። ባለ ቀፎው ከተነገረው፣ በተረጨ ማግስት ጠዋት ቀፎውን በእርጥብ ጆንያ ይሸፍናል። አጥብቆ መድፈን ግን በሙቀት ያፍናቸዋል። ምሽትም ቢሆን ለሁሉም ኬሚካል አይበቃም፤ ክሎርፓይሪፎስ ቅጠል ላይ ለቀናት ይቆያል። እንደ ኢሚዳክሎፕሪድ ያሉት የተባይ መድኃኒቶች ደግሞ ተክሉ ውስጥ ሰርገው እስከ አበባው ወለላ ይደርሳሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ኢሚዳክሎፕሪድንና ሁለት ዘመዶቹን ከቤት ውጭ በሚለማ ሰብል ላይ የከለከለው በንብ ምክንያት ነው። ለጎረቤትዎ አንድ ነገር ያክሉላቸው፦ ባቄላው ራሱ ንብ ሲጎበኘው የተሻለ ፍሬ ይይዛል።

እኚሁ ሰው ማሩ ይበላል ወይ ይላሉ። ምን እንደተረጨ ሳይታወቅ «ይብሉ» አልልም። የወረዳውን ግብርና ባለሙያ ያማክሩ።

ቀፎዬን ጉንዳን አስቸገረኝ፣ ዙሪያውን ዲዲቲ ልነስንስ? የሚሉም አሉ። አመድ ይነስንሱ።

ከመቂ አንድ ቲማቲም የሚረጭ ወጣት፦ ከረጨሁ በኋላ ዓይኔ ይደበዝዛል፣ ምራቄ ይበዛል፣ ደረቴ ይጨንቀኛል፤ ወተት ልጠጣ?

ወንድሜ፣ ወተቱን ተወው። ንቧን የሚገድላት ኬሚካል ያንተንም ነርቭ የሚይዘው በዚያው መንገድ ነው። ልብስህን ቀይር፣ ገላህን በሳሙና ታጠብ፣ የኬሚካሉን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዘህ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ። ነገ አትበል። ማርከሻ መድኃኒት አለው፤ ሐኪሙ ግን ምን እንደነካህ ማወቅ አለበት። ሳትመረመርም መርጫውን ዳግመኛ እንዳታዝል።

የአዲስ አበባዋ እመቤት ጣራቸው ሥር የሰፈረውን ንብ የበረሮ መርጫ ሊነፉበት ነው። አይንፉ፤ ንብ አናቢ ይጥሩ። ቀፎ ይዞ ሲሮጥ ይመጣል።