እንደ አሴሞግሉ ፖለቲካል ኢኮኖሚ መማር ለምትፈልገው እህቴ፣ እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። «ኢኮኖሚክስ ማስተርስ አለኝ፣ እንደ ዳሮን አሴሞግሉ ፖለቲካል ኢኮኖሚ ላይ ፒኤችዲ መስራት እፈልጋለሁ፣ ሰውየው ምን ተምሮ ነው እዛ የደረሰው፣ ፖለቲካል ሳይንስ ልጨምር ወይ» ነው ያልሽው። ከላይ «በርቺ» ብለው ያለፉትን ተያቸው፣ እኔ በዚሁ ጥያቄ ሁለት ዓመት የበላሁ ሰው ነኝ።

1. ፖለቲካል ሳይንስ አትጨምሪ፣ ሒሳብ ጨምሪ። ሰውየው በ1967 (ሁሉም ዓመት በፈረንጅ ነው) ኢስታንቡል የተወለደ አርመናዊ ኢኮኖሚስት ነው፣ ልጅ እያለ በ1980 ወታደሩ ስልጣን ያዘ፣ ስለዚህ የፖለቲካና የኢኮኖሚ ነገር ያኔውኑ ቢያሳስበው አይገርምም። ትምህርቱን ግን እይው፣ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በ1989 የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዛ ኤልኤስኢ (የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት) በ1990 ማስተርስ፣ እሱም ማቲማቲካል ኢኮኖሚክስና ኢኮኖሜትሪክስ ነው፣ በ1992 እዛው ፒኤችዲ። የፒኤችዲ ጽሁፉ ደግሞ ስለ ቅኝ ግዛት ምናምን እንዳይመስልሽ፣ ስለ ኮንትራትና ስለ ማክሮ ኢኮኖሚክስ መሰረት ነው፣ ሰባት ምዕራፍ፣ ከፈታኞቹ አንዱ ደካሞቹ ሦስቱ ብቻ ለፒኤችዲ ከበቂ በላይ ናቸው ያለለት። በ1993 አሜሪካ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ገባ፣ እስካሁን እዛው ነው። ኖቤሉን በ2024 ከጆንሰንና ከሮቢንሰን ጋር ሲወስድ ፖለቲከኛ ይመስል የነበረው ሰው ከስር ሒሳበኛ ነው ማለት ነው።

እኔ ይሄን ሳላውቅ ነው የገባሁበት። ከሮቢንሰን ጋር በ2012 ያወጣውን መጽሐፍ (Why Nations Fail) በሁለት ሳምንት ጨረስኩና፣ ስለ ኢትዮጵያም ስላለበት ጭራሽ ልቤ አበጠ፣ ስቴትመንቴ (ከማመልከቻው ጋር የሚላከው ጽሁፍ) ላይ ባላባቱን፣ ገባሩን፣ ደርጉን፣ አድዋን ሳይቀር ጠቀጠቅኩት፣ የሰውየውን ስም አራት ቦታ ጠራሁት። ለሰባት ዩኒቨርሲቲ አመለከትኩ፣ ክፍያው በዶላር ስለሆነ አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፈለችልኝ፣ ሰባቱም ሪጀክት። ምክንያት የሚነግርሽ የለም። በኋላ ውጭ የሚማር አንድ ጓደኛዬ ትራንስክሪፕቴን አየና «ሪል አናሊሲስህ የታለ?» አለኝ። «እሱ ደሞ ምንድነው?» አልኩት። በቃ ስልኩ ላይ ዝም አለ። ለካ ካልኩለስን ከመሰረቱ እያረጋገጡ የሚማሩበት የሒሳብ ኮርስ ነው።

ስራዬን ሳልለቅ ማታ ማታ ከማት ዲፓርትመንት ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ተማርኩ። 31 ዓመቴ ነበር፣ ልጆቹ ጋሼ ይሉኝ ነበር፣ መጀመሪያው ፈተና ላይ ከ20 አራት አገኘሁ። ሁለተኛው ላይ 17። ይሄን ለጉራ አይደለም የምነግርሽ፣ እሺ ትንሽ ለጉራም ነው።

2. ትራንስክሪፕት ቀድመሽ ጠይቂ። የተማርኩበት ቦታ ሬጂስትራር (ስሙን አልጠራም) መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ መጀመሪያ «ሲስተም የለም» አለችኝ፣ በሳምንቱ «ክሊራንስ አላመጣህም»፣ ክሊራንሱን ይዤ ስመጣ ላይብረሪ ያልመለስኩት መጽሐፍ አለ ተባለ፣ ያልተዋስኩት መጽሐፍ! ዴድላይኑ ዲሴምበር አጋማሽ ነው፣ እኔ ታህሳስ ገብቶም እዛ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ቀና ብላ ሳታየኝ «ከሀገር ልትወጣ ነዋ» አለችኝ፣ ይሄ እስካሁን ያበሽቀኛል። የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍልኛል ያልኩት መምህሬም «ራስህ ጻፈውና እፈርማለሁ» አለኝ፣ ጻፍኩት፣ ራስን ማወደስ እንዴት እንደሚያሳፍር ያኔ ነው ያወቅኩት።

3. መጽሐፉን ተይና የ2001ዱን ፔፐር ከነዳታው አውርጂ። ሦስቱ (እሱ፣ ጆንሰንና ሮቢንሰን) አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው የሚባለው ጆርናል ላይ ያወጡት ነው። ነገሩ ባጭሩ፣ ቅኝ ገዢዎቹ ነጮች በወባና በቢጫ ወባ የሚረግፉበት ቦታ አልሰፈሩም፣ ዘርፎ የመሄጃ ተቋም ተከሉ፣ የተመቻቸው ቦታ ግን ንብረት የሚያስከብር ህግ ይዘው ሰፈሩ፣ እሱም እስከዛሬ ቀጠለ የሚል ነው። የሞቱን ቁጥር ለተቋማት መሳሪያ (ኢንስትሩመንት) አድርገው ነው የሚጠቀሙት፣ ማለትም ተቋማት በአገር ሀብት ላይ ያላቸውን ውጤት ለብቻው ለመለየት፣ 64 አገር። ዳታውን ስከፍተው ምን አየሁ መሰለሽ፣ ኢትዮጵያ! ቅኝ ተገዝተው ከነበሩት ጋር ተሰልፋ፣ የሰፋሪ ሞት ከሺህ 26 ተብሎ። አሜሪካ 15፣ ኬንያ 145፣ ናይጄሪያ 2004 (ዓመተ ምህረት አይደለም፣ የሞተው ወታደር በሌላ ስለሚተካ ነው ከሺህ የሚያልፈው)። በዚህ ሂሳብ እኛ ከኬንያ ይልቅ ለአሜሪካ ነው የምንቀርበው። የጣሊያን አምስት ዓመት ቅኝ ግዛት ከተባለ እንግዲህ።

ሳቅኩና ከዛ ቁም ነገሩ ገባኝ። አልቡይ የሚባል ኢኮኖሚስት በ2012 እዛው ጆርናል ላይ ከ64ቱ የ36ቱ ቁጥር ከሌላ አገር የተወሰደ ነው ብሎ ሞግቷቸዋል፣ እነሱም እዛው መልሰውለታል። ሁለቱንም አንብቢ። እኔ ኢትዮጵያን አውጥቼ ሬግሬሽኑን (የስታቲስቲክስ ስሌቱን) ደግሜ ሰራሁት፣ በአንድ አገር መውጣት ውጤቱ ብዙም አይነቃነቅም፣ ግን ያልተገዛ አገር እዛ ውስጥ ምን እንደሚሰራ 12 ገጽ ጻፍኩና ናሙና ጽሁፍ አድርጌ ላክሁት። ስቴትመንቱ ላይ የሰውየውን ስም አንዴ ብቻ ጠራሁት፣ አድዋንም አወጣሁት (አመመኝ)። በሁለተኛው ዙር ለአምስት አመልክቼ ከአንዱ ሙሉ ፈንድ አገኘሁ፣ ኢንተርቪው ላይ የጠየቁኝም ስለዛች 26 ነው።

4 ላይ ስለ ጂአርኢ (የመግቢያ ፈተናው) ልጽፍ ነበር፣ ኳንቱን (የሒሳቡን ክፍል) በደንብ ስሪ፣ ሌላው ብዙ አያስጨንቅሽ።

የሪል አናሊሲስ ደብተሬን ፎቶ አንስቼ ልልክልሽ እችላለሁ፣ ኢንቦክስ አድርጊኝ፣ ጽሁፌ ግን ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። ትራንስክሪፕቱን ነገ ጠዋት ሂጂና ጠይቂ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ከደረስሽ ሰልፉ አጭር ነው።