ክሪኬት ሜዳ ላይ የሚወረወር ቃል፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ውስጥ ክሪኬት የሚከታተል ሰው ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን ጨዋታውን ያወቅነው ከሕንዳውያን መምህራን ነው፤ አለዚያም እንደ እኔ ለትምህርት ሕንድ ሄደን። ጥቂትም ብንሆን አጥብቀን እንጠይቃለን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ስድቡና ስለ ጠቡ። የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከደብረ ማርቆስ፦ መምህር፣ ክሪኬት የጨዋ ሰዎች ጨዋታ ነው ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ይህ ስሌጂንግ የሚሉት ምንድን ነው?

ተቃራኒን በቃል እየነካኩ ሐሳቡን መበተን ነው። ክሪኬት ውስጥ ይህን ያህል የገነነበት ምክንያት ከጨዋታው አሠራር ይመነጫል። ኳሱን በእንጨት የሚመታው ሰው፣ መቺው፣ 11 ተቃራኒዎች መሀል ይቆማል፤ ያለው አንድ ጓደኛ ብቻ ነው፣ እሱም 20 ሜትር ርቆ በወዲያኛው ጫፍ። ኳሱ ከ156 እስከ 163 ግራም የሚመዝን ጠንካራ ነገር ነው፤ ፈጣን ወርዋሪ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ሲለቀው መቺው ዘንድ የሚደርሰው ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው። አንዴ ከሳተ ከጨዋታ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ቀን ተመልሶ አይሞክርም። በአንዱ ኳስና በሚቀጥለው መካከል ደግሞ ረዘም ያለ ፋታ አለ፣ ቴስት የሚባለው ጨዋታም እስከ 5 ቀን ይፈጃል። አጠገቡ የቆሙት ሰዎች የሚናገሩት በዚያ ፋታ ነው። በፍርሃትና በትኩረት መካከል ለቆመ ሰው አንዲት ቃል ትበቃዋለች።

ከዳንግላ፦ እኛም እኮ በገና ጨዋታ እንሰዳደባለን። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ትልቁም ትንሹም ይሰደባል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ብዙ ያሰብኩበት ነው። የገና ስድብ በግጥም ነው፤ ሕዝብ ፊት ይባላል፣ ሁሉም ይሰማዋል፣ የተሰደበውም ወገን መልሶ ይገጥማል። ቀን አለው፣ ቀኑ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ቃሉ ጸያፍ ወይም ነውረኛ ከሆነ የሚሰሙት ሽማግሌዎች ዝም አይሉም።

ስሌጂንግ የሚነገረው ግን ከመቺው ጆሮ አጠገብ፣ ተመልካች በማይሰማበት ነው። ለእኔ ጉዳቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ሌላ ሰው የማይሰማውን ንግግር የሚገራው የለም። በኅዳር 2013 ብሪዝበን ላይ የአውስትራሊያው አምበል ማይክል ክላርክ የመጨረሻው መቺ ሆኖ ለገባው እንግሊዛዊ ጄምስ አንደርሰን «ክንድህ እንዲሰበር ተዘጋጅ» ብሎታል፤ በዚያ ጨዋታ የክላርክ ቡድን ወርዋሪ ሚቸል ጆንሰን እጅግ ፈጣን ኳስ ይወረውር ነበር። ዓለም ይህን የሰማው መቺው ከሚጠብቃቸው 3 ቋሚ እንጨቶች ሥር የሚቀበረው ማይክሮፎን ስላስተላለፈው ነው። ክላርክ ለአንድ ጨዋታ ከሚከፈለው 20 በመቶ ተቀጣ። ማይክሮፎኑ ባይኖር ኖሮ ያው እንደሌሎቹ ተድበስብሶ ይቀር ነበር። ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ ሜዳ ላይ የሚነገር ሁሉ ይሰማ። ብልሃት ያለበት ነገር ከሆነ ሕዝብ ይስቅለታል፣ ነውር ከሆነም ተናጋሪው ራሱ ያፍርበታል።

ከፍኖተ ሰላም፦ እስከ ዛሬ ከተፈጸሙት የከፋው የትኛው ነው?

ብዙ ሰው የ1981ዱን የፐርዝ ጠብ ይጠቅሳል። አውስትራሊያዊው ዴኒስ ሊሊ ፓኪስታናዊውን ጃቬድ ሚያንዳድን በእግሩ መታው፣ ሚያንዳድ የመምቻውን እንጨት ከፍ አድርጎ ቃጣበት፣ ዳኛው መሀል ገባ። ምስሉ አስደንጋጭ ነው፤ የማይሽር ቁስል ግን አልተወም።

እኔ የከፋ የምለው በጥር 2008 ሲድኒ ላይ የሆነውን ነው። ሕንዳዊው ሃርባጃን ሲንግ ካሪቢያናዊ ዘር ያለውን አውስትራሊያዊ አንድሩ ሳይሞንድስን «ዝንጀሮ» ብሎታል ተብሎ ተከሰሰ። የጨዋታው ዳኝነት ኃላፊ ማይክ ፕሮክተር 3 ቴስት ከለከለው። ሕንዶች ጉዞውን አቋርጠን እንሄዳለን እስከ ማለት ደረሱ። ይግባኙን የኒውዚላንዱ ዳኛ ጆን ሀንሰን አይተው የዘር ስድቡ በማስረጃ አልተረጋገጠም አሉ፤ እገዳውም ቀርቶ በጸያፍ ንግግር የገንዘብ ቅጣት ብቻ ተጣለበት። ሁለቱ ወገኖች ዛሬም የሚሉት ለየቅል ነው። ሳይሞንድስ ከዚያ በኋላ ወደ መጠጥ እንዳዘነበለ ራሱ ተናግሯል። በ2022 በመኪና አደጋ ሞተ።

ሰውን በቆዳው ቀለም መንካት ጨዋታ ነው የሚል ሰው ካለ ከእሱ ጋር የምንነጋገረው ነገር የለም። በጥር 2021 እዚያው ሲድኒ የሕንዱ ሞሐመድ ሲራጅ ከተመልካች መሀል ስድብ ሲወረወርበት ቆም ብሎ ለዳኛው ነገረ፤ ጨዋታው ተቋረጠ፣ 6 ሰዎች ከስታዲየሙ እንዲወጡ ተደረገ። ወጣቱ ገና አባቱ ሞተውበት ሐዘን ላይ ነበር። ቀና ብሎ መናገሩ ከዚያ በፊት ዝም ብለው የቻሉትን ሁሉ አኩርቷል ብዬ አምናለሁ።

ከቡሬ፦ ቅጣቱ ምን ይመስላል?

የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት ጥፋቶችን በ4 ደረጃ ይከፍላል፤ የዘር ጉዳይ የራሱ ደንብ አለው። ከ2016 ጀምሮ የጥፋት ነጥብ ይመዘገባል፣ 4 ነጥብ የሞላበት ተጫዋች ይታገዳል። ቀላል ሆኖ ከታየ ግን ነገሩ በጥቂት ገንዘብ ያልቃል። በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ሜልቦርን ላይ የሕንዱ ቪራት ኮህሊ የ19 ዓመቱን አውስትራሊያዊ ሳም ኮንስታስን በትከሻው ሲገፋው 20 በመቶ ክፍያውን ቀጡትና 1 የጥፋት ነጥብ አስመዘገቡበት። ኮህሊን ለሚያክል ባለጸጋ ይህ ምንም አይደለም። እኔ ቢጠይቁኝ ከኪሱ ይልቅ ከቡድኑ ነጥብ ላይ ይቀነስ እላለሁ፤ ያኔ የራሱ ጓደኞች ናቸው የሚገስጹት።

ከባሕር ዳር፦ አውስትራሊያውያን «መስመሩን እናውቀዋለን፣ አናልፈውም» ይላሉ። መስመሩን ያሰመረው ማን ነው?

ራሳቸው ናቸው፤ ችግሩም ይኸው ነው። የተሰደበው ሰው ሳይጠየቅ ተሳዳቢው መስመሩ ይህ ነው ካለ፣ መስመሩ ሁልጊዜ ከእሱ እግር ፊት ፊት ይሄዳል። በ2018 የደቡብ አፍሪካ ጉዞ ይህ ፍንትው ብሎ ታየ። ደርባን ላይ አውስትራሊያዊው ዴቪድ ዋርነር ደረጃ ላይ ከደቡብ አፍሪካው ኩዊንተን ደ ኮክ ጋር ሊደባደብ ደረሰ፤ ዋርነር የሚለው ደ ኮክ ስለ ሚስቴ ተናግሯል ነው። ለዓመታት ሌላውን ሲነካካ የኖረ ቡድን በተራው ሲነካ መስመሩ ታለፈ አለ። የዋርነርን ንዴት ግን አላቃልለውም፣ ሚስትን መንካት ነውር ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኬፕታውን ላይ ካሜራው አውስትራሊያዊውን ካሜሮን ባንክሮፍትን በብርጭቆ ወረቀት ኳሱን ሊፍቅ ሲሞክር ያዘው። አምበሉ ስቲቭ ስሚዝና ዋርነር 12 ወር፣ ባንክሮፍት 9 ወር ታገዱ። ስድብና ማጭበርበር የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው ይባላል፤ እኔ ግን ሥራቸውን አንድ አድርጌ ነው የማየው። አውስትራሊያ ራሷ ያስጠናችው ግምገማም ዋጋውን ሳይቆጥሩ ማሸነፍን የመፈለግ ልማድ እንደ ነበር ጽፏል።

ከሞጣ፦ በ2023 ለንደን በሚገኘው የሎርድስ ሜዳ ላይ ቤርስቶው የወጣበት መንገድ አግባብ ነበር?

ለማያውቁት፦ እንግሊዛዊው ጆኒ ቤርስቶው ኳሱን ጎንበስ ብሎ ካሳለፈ በኋላ ጨዋታው የቆመ መስሎት ከመቺው መቆሚያ መስመር ወጣ፤ ከጀርባው የነበረው የአውስትራሊያው ጠባቂ አሌክስ ኬሪ ወዲያው ወርውሮ እንጨቶቹን መታ። በሕጉ ወጥቷል። የአውስትራሊያው አምበል ፓት ከሚንስ እንዲመለስ አላደረገም። ሕዝቡ ጮኸ፣ የሜዳው ባለቤት የሆነው ክለብ አባላት በመተላለፊያው አውስትራሊያውያንን አንጓጠጡ፤ 3 አባላት ታገዱ።

እኔ ከኬሪ ጋር ነኝ። ማታለል የለበትም፣ ስድብም የለበትም፤ መቺው ተዘናጋ፣ ጠባቂው ነቃ። የሚያሳፍረው የአባላቱ ነገር ነበር፤ ስለ ጨዋነት ሲጮኹ ጨዋነትን የጣሉት እነሱ ናቸው።

የ1981ዱ ግን ሌላ ነው። ኒውዚላንድ በመጨረሻው ኳስ አቻ ለመውጣት 6 ነጥብ ሲያስፈልጋት የአውስትራሊያው አምበል ግሬግ ቻፔል ወንድሙን ትሬቨርን ኳሱን መሬት ለመሬት አንከባልለው አለው። ያኔ ሕጉ አይከለክልም ነበር። እዚያ ላይ ጨዋታው ራሱ ነው የተከለከለው፤ መቺው ብራያን ማኬክኒ የመምታት ዕድሉን ሰው ነጠቀው። ልዩነቱን የምለካበት ይህ ነው፦ ተቃራኒህ የመጫወት ዕድል ነበረው ወይስ አልነበረውም?

እናት ከቢቸና፦ ልጄ ሌሊት ሌሊት ይህን ጨዋታ ያያል። ስድቡን ብቻ ነው የምትነግረን፣ ደግ ነገር የለውም?

ኧረ አለው እትዬ፣ ሞልቶታል። በ1987 የዓለም ዋንጫ ላሆር ላይ የዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን) ወርዋሪ ኮርትኒ ዋልሽ በመጨረሻው ኳስ ሳይወረውር በእሱ በኩል የቆመው ተቃራኒ መቺ ከመስመሩ ወጥቶ አገኘው። እንጨቱን ነካ ቢያደርግ ያሸንፉ ነበር። ተመለስ አለው። ተሸነፉ፣ ለግማሽ ፍጻሜም ሳይበቁ ቀሩ። በ1980 ቦምቤይ ላይም የሕንዱ አምበል ጉንዳፓ ቪስዋናት ዳኛው ያስወጡትን ቦብ ቴይለርን ኳሱ አልነካህም ብሎ መለሰው፤ ሕንድም ተሸነፈች።

በኅዳር 2014 ፊል ሂዩዝ የሚባል የ25 ዓመት አውስትራሊያዊ መቺ በኳስ አንገቱን ተመትቶ ሲድኒ ላይ ሞተ። ኒውዚላንዶች ሻርጃ ውስጥ ከፓኪስታን ጋር እየተጫወቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ራስ የሚነሣ ኳስ አልወረወሩም፣ ተቃራኒ ሲያስወጡም አልጨፈሩም። ዛሬም ድረስ ከሁሉ ቡድን እነሱን የምወደው ለዚህ ነው። ልጅዎን እነሱን እንዲያይ ይንገሩት።

ከእንጅባራ፦ ሕንድና ፓኪስታን እጅ መጨባበጥ ትተዋል ይባላል፤ እውነት ነው?

በመስከረም 2025 ዱባይ ላይ በእስያ ዋንጫ የሕንድ ተጫዋቾች ፓኪስታናውያኑን ሳይጨብጡ ወጡ። ፍጻሜውን አሸንፈውም ዋንጫውን ከፓኪስታናዊው ባለሥልጣን እጅ አልተቀበሉም። የሁለቱ መንግሥታት ደም የፈሰሰበት ጠብ አለ፤ ሐዘናቸውን አከብራለሁ። ግን ካልተጨባበጡ ባይጫወቱ ይሻል ነበር።

የስፖርት መምህር ከደጀን፦ ልጆችን በቴኒስ ኳስ ላስጀምር ነው። ስድቡን ከመጀመሪያው እንዴት ልከላከል?

እሰየው! ከ2017 ጀምሮ የጨዋታው ሕግ ለዳኛው ሥልጣን ሰጥቶታል፣ በዚያው ይጠቀሙ። ለቀላል ጥፋት መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ከተደገመ ለተቃራኒው ቡድን 5 ነጥብ። ከበድ ላለው ያለ ማስጠንቀቂያ 5 ነጥብ። ለሚያስፈራራ ልጅ 5 ነጥቡ እንዳለ ሆኖ ለተወሰነ ጊዜ ከሜዳ ይውጣ፤ እጁን ያነሣ እስከ ጨዋታው መጨረሻ አይመለስ። ዳኛው ማስጠንቀቂያውን ለልጁ ብቻ ሳይሆን አምበሉን ጠርቶ ለእሱም ይንገረው፣ ሁሉም በሚሰማበት ድምፅ። መቺውን በግጥም መነካካት የፈለገ ካለ ይግጠም፤ አባትና እናት፣ ዘር፣ ሃይማኖትና የአካል ጉዳት ግን አይነኩም።